ከቀሚስ ጫፍ የተቆረጠ መጋረጃ

ሰው መጥሪያ የሚደርሰው ወይ ከሶ ነው፣ ወይ ተከሶ። እኔን የደረሰኝ ግን ሳልከስስም ሳልከሰስም፣ አራዳ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከስፌት ማኪናዬ ጀርባ ተቀምጬ በሰላም በማልምበት ሰዓት ነው። ማለም ስል እንቅልፍ አይምሰላችሁ። ዓይኔ ክፍት ነው፣ እግሬ ማኪናውን ይረግጣል፣ እጄ ጨርቁን ይገፋል፤ ልቤ ብቻ የለም። በተለይ ሐምሌ ላይ! ጉሙ ከተራራው ወርዶ የነገሥታቱን ግንብ ከወገቡ በታች ሲውጠው፣ አናቱ ብቻ ሰማይ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። እኔም አብሬው እንሳፈፋለሁ።

ሚስቴ እማዋይሽ «እጅህ አራዳ፣ ልብህ ደባርቅ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ እንዲሁ ሄጄ ሳለሁ የአንድ ቄስ ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቼ አስረከብኋቸው። በማግሥቱ መጡና «ልጄ፣ ቅዳሴ እየዘለልሁ ልግባ?» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሌላ ምንም አላሉም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬዋለሁ፤ የሚስቴን ሳይቀር። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

እና መጥሪያውን የያዘው ሰውዬ ስሜን ጠርቶ ፊቴ ቆመ። እኔ ደንበኛ መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ደረቱን ልለካው ተነሣሁ።

«ምን ሆነሃል? ፈርም!» አለኝ።

ፈረምሁ። ሳነበው የሚካኤል ማኅበራችንን መዝገብ ይዤ ፍርድ ቤት እንድቀርብ የሚያዝዝ ነው። ለካ እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ! ረስቼው አልነበረም፤ ብቻ እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም። ጸሐፊ የሆንሁትም ጽሕፈቴ አምሮ አይደለም። ጽሕፈቴማ ዶሮ የጫረችው ጓሮ ነው። ጸሐፊ በሚመረጥበት ቀን ያንቀላፋሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ስነቃ ሰው ሁሉ ያየኛል። «ምነው?» ስል «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበርተኛችን እትየ ትጓደድ ባሏ አያ መኳንንት ካረፈ ወዲህ አራዳ ባለው ቤታቸው ብቻዋን ትኖራለች። ከዚያ ቤት በቀር መግቢያ የላትም። የባሏ ወንድም አያ ፈንታ ደግሞ ማክሰኝት ከብት ነጋዴ ነው። «ቤቱ የአባቴ ነው፣ ተካፍለን አናውቅም፣ ትውጣልኝ» ብሎ ከሰሳት። እሷ «ወንድማማቾቹ በማኅበራችን ፊት ታርቀው ተካፍለዋል፤ እሱ የማክሰኝቱን መሬት ወሰደ፣ ባሌ ቤቱን ያዘ» አለች። እሱም «የምን እርቅ? እኔ እዚያ አልነበርሁም!» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ዳኛዋ በዚህ ጊዜ መዝገቡ ይቅረብ አሉ።

እርቁ ግን ተደርጓል። የተደረገውም በእኔው ቤት፣ የጽዋው ተራ የእኛ በነበረበት ወር ነው፤ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ጣጣው ሌላ ነው። ሰው ሲታረቅ «መሬቱ ለኔ፣ ቤቱ ላንተ» ብሎ ብቻ አይነሣም፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ይዘረግፋል። አያ ፈንታም ያን ቀን አንድ ነገር ተናግሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባቱን የሚመለከት ነው፤ ከዚህ በላይ ብትሰቅሉኝ አልናገርም። ማኅበርተኛው በጽዋው ፊት «ይህ ቃል ከዚህ ቤት አይወጣም» ተባብሏል። ሁሉም አፉን ሲዘጋ፣ እኔ ጅሉ ደግሞ ቁጭ ብዬ አንድም ሳላስቀር ጽፌዋለሁ። እጄ ነው የጻፈው፤ እኔ ደባርቅ ነበርሁ።

ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበራችን አለቃ፣ አያ ጥሩነህ ነው። መጥሪያውን ይዤ ሄድሁ። ሦስት ጊዜ አስነበበኝና ጢሙን አሸት አሸት አድርጎ፦

«ስማኝ፤ የቤቱ ነገር ይታይ፣ የሰውየው እንባ ግን አይታይ። የማኅበር ምሥጢር ከወጣ ማኅበሩ ፈረሰ። መዝገቡ ካልቀረበ ደግሞ ትጓደድ ሜዳ ላይ ወደቀች። እንደምንም አድርገው።»

«እንደምን አድርጌ፣ አያ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጸሐፊው አንተ!»

ወሬ እንደሆነ እግር አለው። መዝገቡ ፍርድ ቤት ሊሄድ ነው ሲባል ማኅበርተኛው ሁሉ በረንዳዬን አጨናነቀው። አንዱ መጥቶ «ያች ተራዬን ረስቼ የተቀጣሁባትን ነገር ትንሽ ጋረድ አድርግልኝ» አለኝ። ሌላው ጠጋ ብሎ «የኔንም ሸፍን» አለ።

«አንተ ምን አለህና ነው የሚሸፈነው? መዝገቡ ላይ ‹ተገኝቷል› ከሚል በቀር የለህም።»

«እሱኑ ሸፍነው! የሰው ሁሉ ተሸፍኖ የኔ ብቻ ገላጣ ሲሆን ምን ይሉኛል? ሚስጥር እንኳ የሌለው ሰው ነው አይሉኝም?»

ሌላው ደግሞ ይባስ ብሎ ለደብሩ ቆርቆሮ የሰጠባት ቀን እንድትገለጥለት ፈለገ። «ዳኛዋ ያንብቧት። ከተቻላቸው ጮክ ብለው» አለኝ።

እኔም ወፍራም ጥቁር ማርከር ገዛሁና ተቀመጥሁ። መጀመሪያ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ሞከርሁት። ቀለሙ ወረቀቱን በስቶ ሽፋኑ ላይ ደረሰ። ከዚያ የአያ ፈንታ ቃል ያለበትን ቅጠል ገልበጥ አድርጌ ከጀርባው ምን እንዳለ ባይ፣ ልክ በመስመሮቹ ጀርባ የሚቀጥለው ወር ጉባኤ ይጀምራል፤ «በቅዱስ ሚካኤል ስም» ይላል። ውይ አምላኬ! የአንድ ከብት ነጋዴ ነውር ልሸፍን ብዬ የመልአኩን ስም ጥላሸት ልቀባ? ማርከሩን እንደ እባብ ከእጄ ወረወርሁት።

ከዚህ በኋላ ነው ያ ሸጋ ሐሳብ የመጣልኝ። ሸጋ ሐሳብ ሲመጣልኝ ሚስቴ «ወዮልን» ትላለች፤ ግን ያን ጊዜ ገበያ ነበረች። ልጅ ሆኜ ፊደል በቆጠርሁበት ደብር አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ነበር። ሥዕሎቹ ላይ ሁሉ ከላይ በኩል ትንንሽ ጨርቅ ተሰፍቶባቸዋል። የኔታ «ያለ ጊዜው መጋረጃ አይገለጥም» ይሉን ነበር። ማንም አይጠብቀውም፣ ቁልፍ የለውም፤ እኛ ግን፣ ያ ሁሉ ወሮበላ ልጅ፣ አንዳችንም ገልጠን አናውቅም። እንግዲህ አስቡት! ቀለም ቢሆን ሰው ይፍቀዋል፤ ወረቀት ቢለጠፍ ይልጠዋል። መጋረጃ ግን በአገራችን ማን ይደፍራል?

ጨርቅ ፈለግሁ። ቁርጥራጭ ሞልቶኛል፤ ግን የተማሪ ዩኒፎርምና የጥበቃ ሱሪ ነው። በሚካኤል መዝገብ ላይ ካኪ ይሰፋል? የሚመጥን አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። ለዘመን መለወጫ የምሰፋላት የእማዋይሽ ቀሚስ፤ ነጭ ሸማ ሆኖ ጫፉ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው። ከኋላ በኩል፣ ከጫፉ፣ መዳፍ የምታህል ብቻ ቆረጥሁ። ከኋላዋ ያለውን እሷ የት ታየዋለች?

መዝገቡን ገልጬ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት፤ ቀኝና ግራ ገጹ ተዘረጋ። በቀኙ ገጽ ከላይ የቤቱና የመሬቱ ክፍፍል አለ፤ ከግርጌው ያ የተማማልንበት ቃል። መርፌዬን አነሣሁ። ጉሙ መጣ።

ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ጉሙ ነጭ ሸማ ሆነ። እኔ በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ቆሜ፣ ጦር በምታህል መርፌ ከተራራ ተራራ እሰፋዋለሁ። ከታች ያለው አገር በሙሉ፣ የየቤቱ ጠብና የየሰዉ ኀፍረት፣ ከሸማው ሥር ፀጥ ብሎ ተኝቷል። የሚያለቅስ የለም፤ የሚካሰስ የለም። አንድ ድምፅ «የማንን ነው የምትሸፍነው?» አለኝ። «ጨርቁ እስኪያልቅ የሁሉንም» አልሁት። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ስነቃ ክሩ ተቋጥሮ፣ መጋረጃው ተሰፍቶ አልቋል። እጄ ይባረክ አልሁ። መዝገቡን ከድኜ በነጠላ ጠቀለልሁት።

በቀጠሮው ጠዋት ገለጥ አድርጌ መጋረጃው በቦታው መኖሩን አየሁ። ከሥሩ ያለውን ማየት አላስፈለገኝም፤ እኔው የጻፍሁትን፣ እኔው የሸፈንሁትን፣ ምን ብዬ ልግለጥ?

ችሎቱ ሞልቷል። ከማክሰኝት የአያ ፈንታ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተዋል። በዚህ በኩል ማኅበርተኛው፤ እማዋይሽም እትየ ትጓደድን ደግፋ ከፊት ተቀምጣለች። እትየ ትጓደድ ጠበቃ የላትም። አያ ፈንታ ግን ድምፁ ደወል የሚያስንቅ አንድ ጠበቃ ይዟል። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው።

መዝገቡን አቀረብሁ። ዳኛዋ ገለጡት። ረጅም ጊዜ አነበቡ። በዚህ ጽሕፈቴ ሰው ይህን ያህል ሲደክም ሳይ አፈርሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ይህ ጨርቅ ምንድነው?» አሉኝ።

«መጋረጃ ነው፣ የተከበሩ ዳኛ። ከሥሩ ያለው የማኅበር ምሥጢር ነው፤ ጉዳዩን አይመለከትም።»

«እንዲሸፍኑ ማን ፈቀደልዎት?»

«ሙሴ።»

ጠበቃው ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «የተከበረው ፍርድ ቤት! በኦሪት ሕግ ነው እንዴ የምንዳኘው? ሰነድ ይቅረብ ሲባል ሙሉው ነው። የሚጠቅመውን አሳይቶ የሚጎዳውን መጋረድ የሚባል ሥነ ሥርዓት የለም። ደንበኛዬ በቦታው አልነበረም ብለናል። ከጨርቁ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ወይ ይገለጥ፣ ወይ ሰነዱ በሙሉ ውድቅ ይደረግ!»

ዳኛዋ መዝገቡን አሳልፈው አልሰጡትም። ራሳቸው ይዘው፣ የቀኙን ገጽ ግርጌ በመዳፋቸው ጫን አድርገው፣ አዘንብለው አሳዩት። የክረምቱ ንፋስ በመስኮቱ ይገባ ስለነበር ቅጠሉ እንዳይገለበጥ ነው አልሁ። ጠበቃው ዓይኑን ከመጋረጃው ላይ አልነቀለም። እጁን ሰደድ አደረገ። ጨርቁ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ እሱም እንደኛው መጽሐፍ እየሳመ ያደገ ነውና መልሶ ሰበሰበው። ከማክሰኝቶቹ አንዱ አማተበ።

ልክ በዚህ መካከል፦

«ኡ! ቀሚሴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እማዋይሽ ቆማለች። ዳኛዋ ቀና አሉ። «ማን ነው የተናገረው?»

«እኔ ነኝ እመቤቴ። ያ ጥለት የኔ ነው! እኔ አንገቱ ጋ ጠበበ ስለው፣ ለካ ጫፉን ፍርድ ቤት ልኮታል!»

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣» አለ ጠበቃው እጁን ዘርግቶ፣ «መጋረጃው ራሱ ባለቤትነቱ አከራካሪ ሆኗል!»

«የቀሚሱን በሌላ መዝገብ ያያሉ፤ ቁጭ ይበሉ» አሉ ዳኛዋ። ከንፈራቸው ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። እማዋይሽ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን አልተቀመጠም፤ እኔ ላይ ነበር። እኔ እንኳን ዳኛ፣ ሞትም ቢመጣ ከዚያ ዓይን ይሻለኛል አልሁ።

«እኔ ብቻዬን ባየው ይስማማሉ?» አሉ ዳኛዋ።

«እኔ ባላየሁት ነገር ሊፈረድብኝ ነው?» አለ ጠበቃው። «በግልጽ ችሎት ይገለጥ! በሰው ሁሉ ፊት ይነበብ!»

በዚህ ጊዜ አያ ፈንታን አየሁት። ጠበቃው «ይነበብ» ባለ ቁጥር አንገቱ ወደ ጋቢው ይገባል። ማኅበር ውስጥ ማልቀሱ ትዝ ብሎታል። የአገሩ ሰዎች ከኋላው ተደርድረዋል፤ እሱ ግን ጠበቃውን ተው ለማለት አፍ አጣ። ተው ካለ እዚያ እንደነበረ ይታወቃል፣ ቤቱም ያመልጠዋል።

ዳኛዋ ወደ እትየ ትጓደድ ዞሩ። «እርስዎስ? የተሸፈነው ቢነበብ ከሳሹ በቦታው ለመኖሩ ማስረጃ ሊሆንልዎት ይችላል። ካልተገለጠ ግን ጠበቃው እንዳለው ሰነዱ ሊወድቅ ይችላል። ምን ይላሉ?»

እትየ ትጓደድ ተነሣች። ከመጋረጃው ሥር ምን እንዳለ ታውቃለች፤ ያን ቀን ጽዋ የምትቀዳው እሷ ነበረች። አንድ ቃል ብትል ቤቷ ይተርፋል።

«አይገለጥ» አለች።

«እትየ!» አልሁ ሳላስበው። እማዋይሽ ነጠላዬን ሳበችው።

«አይገለጥ፣ ልጄ። ባሌ ያን ቀን ወንድሙን አቅፎ ‹ይህን ነገር አፈር ይብላው› ነው ያለው። ሟች የቀበረውን እኔ ለቤት ብዬ አላወጣም። ቤቱ ይቅርብኝ። ለጥቂት ዕድሜ የትም እጠጋለሁ።»

እኔ ራሴን ረገምሁ። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ፣ በማያርፍ እጄ! ምናለ ያን ቀን እንኳ ብተኛ?

አያ ፈንታ ብድግ አለ። ጠበቃው የጋቢውን ጫፍ ይዞ ቢጎትተው ጋቢው እጁ ላይ ቀረ።

«ነበርሁ፣» አለ። «እዚያ ነበርሁ። ያን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ አፈር ይብላው ያለውም ወንድሜ ነው። እሷ ላንዲት ቤት ብላ ያላወጣችውን እኔ በጠበቃ ላስወጣው ነበር። ቤቱ የሷ ነው። ክሴን አንሥቻለሁ። ትጓደድ፣ እቴ፣ ይቅር በይኝ።»

እትየ ትጓደድ አለቀሰች፤ ማኅበርተኛው አለቀሰ። ያ ቆርቆሮ የሰጠው ሰውዬም አለቀሰ፤ እሱ ግን ስለማን እንደሆነ እንጃ። ዳኛዋ ጥቂት ጻፉ፣ መዝገቡን ከደኑ፣ ወደ እኔ አየት አሉ።

«መዝገብዎን ይውሰዱ። መጋረጃውን እኔ አልገለጥሁትም፤ እርስዎ ግን ደጅ ይውጡና ይግለጡት።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጉሙ ውስጥ ቆሜ መዝገቡን ገለጥሁ። መጋረጃው በግራው ገጽ ላይ ነው። በግራው! ቀስ ብዬ አነሣሁት። «የዕለቱ ተረኛ ጠላ ውኃ ሆኖ በመገኘቱ ማኅበርተኛው ቅር ተሰኝቷል፤ ለወደፊቱ እንዲታረም ተነግሯል» ይላል። በቀኙ ገጽ ግርጌ ደግሞ ያ የተማማልንበት ቃል፣ የአያ ፈንታ እንባ፣ አንድ ክር ሳይነካው፣ ገላጣውን ተዘርግቷል። ጠዋት ሳየውም፣ ፍርድ ቤት ሲቀርብም፣ እንዲሁ ተዘርግቶ ነበር።

አጥሩን ተደገፍሁ። ያን ጊዜ የዳኛዋ መዳፍ ታየኝ። ቀጭን እጅ፣ የቀኙ ገጽ ግርጌ ላይ ጫን ያለ። ንፋስ መስሎኝ ነበር። አንብበውት ኖሯል፣ ያውም ያንን የዶሮ ጭረት! እኔ ተኝቼ የሳትሁትን እሳቸው ነቅተው በእጃቸው ጋረዱት። ፍርዱን ማንበብ እየቻሉ የእነዚያን የሁለቱን አፍ ጠበቁ። ጉሙ ውስጥ ቆሜ እንደ ሞኝ አለቀስሁ። እሳቸውን ሳላመሰግን መጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤቴ ገብቼ መቀሱን አነሣሁ። እማዋይሽ ቀሚሷን ዘርግታ የተቆረጠውን ቦታ በጣቷ እየለካች ነው። ዛሬ ግን ቁጣዋ ለስለስ ብሏል፤ ቀሚሷ ፍርድ ቤት መቅረቡን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

«ደግሞ ምን ልትቆርጥ ነው?» አለችኝ።

«ሌላኛውን ጫፍ። ሁለቱ ጎን እንዲተካከል። ለመዝገቡ አንድ መጋረጃ ይጨመራል።»

«ያንኛውስ አይበቃም? ነቅለህ አዛውረው!»

«ያንኛውማ ባለበት ይቆይ።»

አየት አደረገችኝ። «ከሥሩ ምን አለ?»

«እንዲያው… የጠላ ነገር ነው።»

«የማን ጠላ?»

ያን ወር ጽዋው በማን ቤት እንደነበረ እናንተ አትረሱም። እሷም ትዝ እንዳይላት ቸኩዬ መርፌዬን አነሣሁ። ይህን ጊዜ ዓይኔም፣ እጄም፣ ልቤም እዚያው አራዳ ነበሩ።

«ማኅበርተኛ ነኝ፣ እማዋይሽ፤ አልናገርም» አልኋት።